የሰሊጥ ከረሜላ በደብረ ብርሃን ከፍታ፦ ለቤተሰብ ማምረቻ የሚሆን አሠራር

ከረሜላ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ሐንስ ሪገል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦን ከተማ ላይ ሐሪቦ የተባለውን የከረሜላ ድርጅት ሲመሠርት የነበረው ጥሪት አንድ ጆንያ ስኳር፣ የእምነ በረድ ሰሌዳ፣ በርጩማ፣ የጡብ ምድጃ፣ የመዳብ ድስትና መዳመጫ እንደነበር የድርጅቱ ታሪክ ይናገራል። ባለቤቱ ጌርትሩድ በዓመቱ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ሆነች፤ የዕለቱን ምርት ለደንበኞች የምታደርሰውም በብስክሌት ነበር። ድርጅቱ ከአባት ወደ ልጆች እየተላለፈ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ቆይቷል። ያ ዝርዝር እንዳለ ደብረ ብርሃን ቢመጣ ግን አንድ ዕቃ ይጎድለዋል፤ ቴርሞሜትር። ቦን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቆላ ላይ የሠመረ አሠራር እዚህ ሲደርስ ይበላሻል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 እና በ91 መካከል ነው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 96 ይጠጋል። ከረሜላ ደግሞ ውሃው ተንኖ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የፈላ ስኳር ነው፤ በቴርሞሜትር የምንለካውም ሽሮፑ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ለማወቅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ውሃው ቶሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ቆላ ላይ በ150 ዲግሪ የሚገኘው ድርቀት እዚህ በ141 ይገኛል። መጽሐፉን አምኖ እስከ 150 የሚጠብቅ ሰው ከሚገባው በላይ የደረቀ፣ ጫፉ ላይ መረር የሚል፣ ሲቆረጥ የሚፈረካከስ ከረሜላ ያወጣል። አንድ ነገር ግን ከከፍታ ጋር አይወርድም። ስኳር ራሱ መጥቆርና መምረር የሚጀምርበት ሙቀት፣ ከ160 እስከ 170 ያለው፣ ደጋም ሆነ ቆላ ያው ነው።

መጀመሪያ ውሃ አፍሉ

ቴርሞሜትሩ እስከ 200 ዲግሪ የሚያነብና ከድስቱ ጠርዝ ጋር የሚያያዝ ይሁን። ትኩሳት የሚለካበት አይሆንም፤ ይፈነዳል። የምትሠሩበትን ድስት በግማሽ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ እስኪንተከተክ አፍሉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይግባ፤ የድስቱን ቂጥ ግን አይንካ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ አንብቡ። 91 ካለ ከ100 ላይ 9 ጎድሏል፤ እንግዲያው በየትኛውም የከረሜላ አሠራር ላይ ከተጻፈው ቁጥር 9 ቀንሱ። ጠንካራ ከረሜላ ከ149 እስከ 154 ከተባለ ለእናንተ ከ140 እስከ 145 ነው። ለስላሳ ቶፊ ከ118 እስከ 120 ከተባለ ከ109 እስከ 111 ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ የሚሠራ ሰውም እዚያው በፈላ ውሃ ይለካ እንጂ የደብረ ብርሃንን ቁጥር አይዋስ።

ይህ መለኪያ የቴርሞሜትሩን ስሕተትም አብሮ ያርማል። ርካሽ ቴርሞሜትር ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሊስት ይችላል፤ ነገር ግን ስሕተቱ በፈላ ውሃም በሽሮፕም ላይ ተቀራራቢ ስለሆነ ከቅናሹ ጋር ይጠፋል። በሳምንት አንዴ፣ ቴርሞሜትሩ ከወደቀ ደግሞ በዚያው ቀን ድገሙት።

ቴርሞሜትር ቢሰበርባችሁ የቀዝቃዛ ውሃ ፈተና አለ፤ ይህኛው ከፍታ አይለውጠውም። ከሽሮፑ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስዳችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጉ። በጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ የሚለመጥ ከሆነ ገና ነው። ወጥቶ ሲታጠፍ መጀመሪያ ጎበጥ ብሎ ከዚያ ከተሰበረ ተቃርቧል። ሳይጎብጥ «ቀጭ» ብሎ የሚሰበርና ጥርስ ላይ የማይጣበቅ ከሆነ ደርሷል። ፈተናውን ስታደርጉ ድስቱን ከእሳት አውርዱት፤ እናንተ ስታዩ እሱ እያለፈ ይሄዳልና።

ለአንድ ድስት የሚገባው

ስኳር 600 ግራም፣ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማር 100 ግራም፣ የተቆላ ሰሊጥ 600 ግራም፣ ጨው 3 ግራም፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ። የሚወጣው 1,250 ግራም ገደማ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ተዳምጦ 4 በ4 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ አንዱ 10 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የጠርዙ ቁርጥራጭ ሲወጣ ከ110 እስከ 120 ፍሬ ታገኛላችሁ። ሁሉንም በሚዛን ለኩ፤ ውሃውንም ጭምር። በስኒ የተሰፈረ ሰሊጥ እንደ አነቀናነቁት ይለያያል።

ማሩ ጣዕም ብቻ ለመስጠት የገባ አይደለም። ስኳር ብቻውን ሲፈላ ቆይቶ መልሶ ስኳር መሆን ይፈልጋል፤ ማር ውስጥ ያሉት ሌሎች ስኳሮች መሐል ገብተው ፍሬዎቹ እንዳይገጣጠሙ ይከለክላሉ። ከ100 ግራም ካለፈ ግን ማር ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ከረሜላው እጅ ላይ ይጣበቃል። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ይህን ሥራ አይሠራም፤ እንዲህ ዓይነት ማር የገዛ ሰው ድስቱ አሸዋ አሸዋ ሲልበት ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ማር በብርዱ ረግቶ ስለሚቆይ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አለስልሱት፤ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ አጥልሉት። ሰፈፍ ከገባበት ሽሮፑ ይደፈርሳል፣ አረፋውም አይወርድም።

ማር ከተወደደ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ከስኳሩና ከውሃው ጋር ከመጀመሪያው አግቡ፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ከስኳሩ ጥቂቱን ሰብሮ ማሩ የሚሠራውን ያሠራዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አታድርጉ። ሲፈላ ብዙ ስኳር ይሰበርና ከረሜላው በሁለተኛው ቀን ያልበዋል። አዲስ አበባ የኬክ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች የግሉኮስ ሽሮፕ ካገኛችሁ 120 ግራሙ ከሁለቱም የተሻለ አስተማማኝ ነው፤ የማሩ ሽታ ግን ይቀራል። እኛ የምንመርጠው ማሩን ነው።

ሰሊጡ

ነጭ የሁመራ ሰሊጥ ከሆነ መልኩም ጣዕሙም ያምራል። ከገበያ የመጣ ሰሊጥ ሁሉ አሸዋ አለበት፤ ወንፊት አያወጣውም፣ ምክንያቱም አሸዋው ከሰሊጡ ጋር እኩል ነው። ሰፊ ሳህን ላይ ውሃ ጨምራችሁ አዙሩት፤ ላይ የተንሳፈፈውን በማጥለያ ቅዱ፣ ከታች የዘቀጠውን ትታችሁ። ሁለት ሦስቴ ድገሙት። መጨረሻ ላይ የቀረውን በጣት ዳስሱ፤ አንድ የሚኮሰኩስ ነገር ከተገኘ እንደገና እጠቡ። በከረሜላ መሐል ያለ ጠጠር ጥርስ ይሰብራል፣ ደንበኛም ያባርራል።

በደንብ አንጠፍጥፋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ በዝግታ ቁሉት። በአንዴ ከ300 ግራም በላይ አትቁሉ፤ የታችኛው ሲያር የላይኛው ጥሬ ይቀራል። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ መንጣጣት ይጀምራል፣ ሽታውም ይለወጣል። በሁለት ጣት ስታሹት በቀላሉ የሚደቅና መልኩ እንደ ጤፍ ገለባ የወረዛ ከሆነ አውርዱት። ከዚህ በላይ አትሂዱ፤ ትኩስ ሽሮፕ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መቆላቱን ይቀጥላል። ጥቁር የቆላ ሰሊጥ ጠዋት መልካም ሸትቶ ማታ ይመራል።

ሽሮፑ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰሊጡን ምጣዱ ላይ መልሳችሁ አሙቁት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ በእኛ ብርድ ግን መዘለል የለበትም። ቀዝቃዛ ሰሊጥ 141 ዲግሪ ላይ ያለውን ሽሮፕ ባንድ አፍታ ያረጋዋል፤ ማማሰያው ይቆማል፣ ግማሹ ሰሊጥ ሳይነካ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ማብሰል

ድስቱ ቢያንስ አራት ሊትር የሚይዝ፣ ቂጡ ወፍራም ይሁን። ማሩ ሲገባ አረፋው በእጥፍ ይነሣል። ከአጠገቡ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አኑሩ፤ ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ትኩስ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከፈላ ውሃ ይብሳል። ከነካችሁ ወዲያው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጉት፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ዱቄት አትቀቡት፤ ሰፊ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ።

ስኳሩንና ውሃውን በዝግታ እሳት አድርጋችሁ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉ። በማንኪያ ጀርባ ቀድታችሁ ስታዩት አንድም ፍሬ መታየት የለበትም። ሳይሟሟ ከፈላ ነገሩ እዚያው ተበላሽቷል። መፍላት ሲጀምር ማማሰላችሁን አቁሙና ድስቱን ለሁለት ደቂቃ ክደኑት፤ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ስኳር አጥቦ ያወርደዋል። ክዳኑን ካነሣችሁ በኋላ የቀረ ነጭ ነገር ካለ እርጥብ ብሩሽ አልፉበት። አንዲት የስኳር ፍሬ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ከወደቀች ድስቱን በሙሉ ልትመልሰው ትችላለች። የአገራችን ስኳር መልኩ ደብዘዝ ያለና ትንሽ ቆሻሻ ያለው ስለሆነ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን በማንኪያ ገፍፋችሁ ጣሉ።

ቴርሞሜትሩ 105 ሲያነብ ማሩን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ሙቀቱ ጥቂት ይወርድና ተመልሶ ይነሣል። እስከ 115 ድረስ መሄዱ አዝጋሚ ነው፤ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ከ130 በኋላ ግን ይሮጣል፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ዲግሪዎች ሁለት ደቂቃም ላይፈጁ ይችላሉ። ስለዚህ ከ125 ጀምሮ እሳቱን ቀንሱ፣ ዓይናችሁን አታንሡ፣ ስልክም አትመልሱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመካከለኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

በከሰል የምትሠሩ ከሆነ እሳቱን ወዲያው መቀነስ ስለማይቻል ሁለት ምድጃ አዘጋጁ፤ አንዱ የጋለ፣ ሌላው የተዳፈነ፤ 125 ላይ ድስቱን ወደ ተዳፈነው አዛውሩት። በኤሌክትሪክ የምትሠሩ ደግሞ መብራት ቢጠፋ የምትይዙት ቡታጋዝ ይኑራችሁ። መብራቱ ሽሮፑ 115 ሳይደርስ ከጠፋ ችግር የለም፤ ሲመለስ 50 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ከሟሟ በኋላ እንደ አዲስ ጀምሩ። 130 ካለፈ ግን ድስቱ ውስጥ አታቆዩት፤ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱት፤ በኋላ ሰብራችሁ በውሃ አሟሙታችሁ ትሠሩበታላችሁ።

141 ሲነካ አውርዱ፣ ጨውን በትኑ፣ ትኩሱን ሰሊጥ በሁለት ጊዜ አግብታችሁ በጠንካራ የእንጨት ማማሰያ አዋሕዱ። ከ40 ሰከንድ በላይ አይፍጅባችሁ። ማማሰያው ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ይንጨረጨራል፣ ይፈናጠራል።

መዳመጥና መቁረጥ

ሰሌዳው 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ እምነ በረድ ወይም ወፍራም የብረት ትሪ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ውርጫማ ጠዋቶች የደብረ ብርሃን እምነ በረድ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ከረሜላው እንደ ወረደ ሥሩ ይደርቅና ላዩ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። ከመሥራታችሁ በፊት በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አልብሱት፤ ሲሞቅ በደንብ አድርቁትና ሽታ የሌለው ዘይት በስሱ ቀቡት። መዳመጫውንም ቀቡ። ዘይቱ ከበዛ ከረሜላው ላይ ይቀራል፣ በሁለት ሳምንትም ይሸታል።

ከመሐል ወደ ዳር ዳምጡ። ሁለት አምስት ሚሊ ሜትር የሆኑ የብረት ዘንጎች ግራና ቀኝ ብታኖሩ መዳመጫው በእነሱ ላይ ስለሚሄድ ውፍረቱ ራሱ ይስተካከላል። ለመቁረጥ ያላችሁ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ቢላዋውን ጠርዙ ላይ ጫን አድርጉት፤ ምልክቱ ተመልሶ ከተሞላ ገና ትኩስ ነው፤ ምልክቱ እንዳለ ቆሞ ከቀረ ቁረጡ፤ «ኮሽ» ካለ ረፍዷል። ከረፈደ ሳትታገሉ ትሪውን ለብ ያለ ምድጃ ላይ ለአንድ ደቂቃ መልሱት። እምነ በረድ ላይ የሚሠራ ሰው ግን መመለስ ስለማይችል በረጅም ቢላዋ በአንድ ጊዜ ተጭኖ ይቁረጥ፤ መጋዝ መጋዝ ማድረግ ይፈረካክሰዋል።

ሲበላሽ

ከረሜላው ከደረቀ በኋላ ነጣ ብሎ አሸዋ አሸዋ ካለ ስኳሩ ተመልሷል፦ ሳይሟሟ ፈልቷል፣ ወይም ከፈላ በኋላ ተማስሏል፣ ወይም ማሩ ማር አልነበረም። አይጣልም፤ ሰሊጥ ካልገባበት 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አፍሉት። ሰሊጥ ከገባበት ወቅጣችሁ ኬክና ብስኩት ለሚሠሩ መስጠት ይሻላል።

ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሙቀቱ አልደረሰም። በዕለቱ ደህና ሆኖ በማግሥቱ ከተጣበቀ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ማሩ በዝቷል፣ ወይ ሎሚና ማር አንድ ላይ ገብተዋል፣ ወይ ሳይሸፈን አድሯል። እነዚህን ሁለት መጣበቆች ያምታታ ሰው ሙቀቱን እየጨመረ ሄዶ ያሳርረዋል። የመረረ ከሆነ መጀመሪያ ሰሊጡን ለብቻው ቅመሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከምጣዱ ነው።

ክረምትና ጾም

ሐምሌና ነሐሴ ለጠንካራ ከረሜላ የጠላት ወራት ናቸው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ የተቆረጠ ከረሜላ ግማሽ ቀን ሳይሸፈን ከዋለ ላዩ ይረጥባል። በክረምት ከእጅ ሙቀት ዝቅ እንዳለ ወዲያው ጠቅልሉ፤ ትኩስ እያለ ግን አይጠቀለል፤ ላስቲኩ ውስጥ ላብ ይይዛል። ጠዋት ሳይሆን ቀትር ላይ ሥሩ፣ ምድጃው ባለበት ክፍል ውስጥ አቀዝቅዙ፣ የማሩን መጠን ወደ 80 ግራም አውርዱ። ላስቲኩን በሙቀት የሚዘጋ ትንሽ ማሽን ካገኛችሁ በቋጠሮ ከመዝጋት በብዙ ይሻላል።

ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ምርት እንግዲህ በዓመቱ መጥፎ አየር ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ከበዓሉ አሥር ቀን አስቀድማችሁ እንጂ ወር አስቀድማችሁ አታከማቹ። ለገናና ለጥምቀት ግን አየሩ ደረቅ ነው፤ በደንብ የተዘጋ የሰሊጥ ከረሜላ ሁለት ወር ይቆያል።

በሰሊጥ ከረሜላ እንዲጀመር የምንመክርበት ሌላው ምክንያት ጾም ነው። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾምበት አገር ላይ የወተት ቶፊ ይዞ ገበያ የሚወጣ ቤት ግማሹን ዓመት ሱቁ ውስጥ ይቆልፋል። ሐሪቦ የታወቀበት የድብ ቅርጽ ከረሜላም የሚረጋው ከእንስሳ በሚወጣ ጄላቲን ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ቅቤና ወተት አለመግባቱን መጠቅለያው ላይ በግልጽ ጻፉ። ከዚሁ ጋር የምርቱ ስም፣ የገባበት ሁሉ፣ ክብደቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ ይኑር። ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች ስላሉ «ሰሊጥ አለው» የሚለው ጎላ ብሎ ይጻፍ። ከቤት ወጥቶ ሱቅ መግባት ሲጀምር የንግድ ፈቃድና የምግብ ቁጥጥር ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዳችሁ ክፍሉን ከማደሳችሁ በፊት የሚጠይቁትን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ግድግዳና ወለል ከተሠራ በኋላ ማፍረስ ያከስራል።

መዝገቡ

የቤተሰብ ማምረቻ አሠራሩ የሚኖረው በአንድ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በእናት ወይም በአያት። «አንድ እፍኝ ማር ቢጤ፣ ስኳሩ እስኪደርስ» ይላሉ፤ ለእሳቸው በቂ ነው፣ ለልጅ ልጅ ግን አይበቃም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጎድጓዳ ሳህን ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። እትዬ እንደ ልማዳቸው እፍኛቸውን እንዲሰፍሩ ጠይቋቸው፤ ቁጥሩን ጻፉ፤ መልሳችሁ አፍስሱ። ሦስት ጊዜ አሰፍሯቸውና መካከለኛውን ያዙ። «አሁን ደርሷል» ባሉበት ቅጽበት ደግሞ ቴርሞሜትሩን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የእሳቸው ዓይንና የቴርሞሜትሩ ቁጥር በሁለት ዲግሪ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ካልተገናኙ የሚመረመረው ቴርሞሜትሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ድስት በደብተር አንድ መስመር፦ ቀን፣ የፈላ ውሃ ንባብ፣ የስኳሩ፣ የማሩና የሰሊጡ ክብደት፣ ማሩ ከየት እንደተገዛ፣ ከእሳት የወረደበት ዲግሪ፣ የፈጀው ደቂቃ፣ አየሩ ዝናብ ነው ብራ፣ የወጣው ክብደት፣ የተበላሸ ካለ ምን ዓይነት። ለስኳሩ፣ ለማሩ፣ ለሰሊጡ፣ ለማገዶውና ለመጠቅለያው ያወጣችሁትን ብር ለወጣው ክብደት ስታካፍሉት የአንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ ይወጣል፤ የሠራችሁበትን ሰዓት ደመወዝም ጨምሩበት፣ ቤተሰብ ቢሆንም። ደብተሩ እርሳስ ታስሮበት ከምድጃው ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ ይንጠልጠል፤ ስኳር የተንጠባጠበበት ገጽ በማግሥቱ አይገለጥም።